የ12ኛ ክፍል ውጤት ለወረዳው የማይነግረው

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም።

አሃዙ ብዙዎችን አስደንግጧል። ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ግን የሚሰጠው ፍንጭ ጥቂት ነው። ችግሩ ከመምህር እጥረት ይምጣ ከመጽሐፍ እጦት፣ ወይስ ልጆቹ ገና ከጅምሩ ማንበብ ስላልቻሉ ይሁን አይለይም። ውጤቱ ሲታወቅም ተማሪዎቹ ትምህርት ቤቱን ለቀዋል።

ጎረቤት ኬንያ ምዘናውን ወደ ታችኛው ክፍል አውርዳ ሞክራዋለች። በአውሮፓውያኑ 2015 በመላ አገሪቱ በተጀመረው ‘ቱሶሜ’ የተሰኘ የንባብ መርሃ ግብር፣ የመንግሥት የትምህርት ባለሙያዎች ታብሌት ይዘው ክፍሎችን ይጎበኙ ነበር። ትምህርቱን ከተከታተሉ በኋላ ሦስት ልጆችን በዕጣ መርጠው ያስነብቡ፣ ለመምህሩም እዚያው ምክር ይሰጡ ነበር። የተሰበሰበው መረጃ ለካውንቲ ኃላፊዎች ይደርስ ነበር፤ የትኛው አካባቢ እንዳልተጎበኘ፣ የትኛው በንባብ ወደ ኋላ እንደቀረም ያሳያቸው ነበር።

ሦስት ልጆች ስለ አንድ ክፍል ብዙ አይናገሩም። የብዙ ጉብኝቶች ድምር ግን ስለ አካባቢው ይናገራል፤ እርግጥ ነው፣ ውጤቱ መምህራንን ለመቅጣት ከዋለ ደካማ ተማሪዎችን መደበቅ ይጀመራል።

በኢትዮጵያም የጉድኝት ማዕከል ሱፐርቫይዘሮች በየትምህርት ቤቱ ይዘዋወራሉ። በጉብኝታቸው ላይ አጭር የንባብ ምዘና ቢታከል፣ ወረዳው የትኛው ትምህርት ቤት የመምህራን ሥልጠና፣ የትኛው መጽሐፍ እንደሚያስፈልገው ልጆቹ 3ኛ ክፍል ሳይደርሱ ማወቅ ይችላል።