ማሽኑ ለምን ያጓራል? ለቤትዎ ዴስክቶፕ ፋን ሲመርጡ

ልጅዎ የአርክቴክቸር ተማሪ ናት እንበል። ለመመረቂያ ፕሮጀክቷ ብለው፣ ከወራት ቁጠባ በኋላ፣ ዕቃው አንድ በአንድ ተመርጦ የተገጣጠመ ዴስክቶፕ ገዝተውላታል። ማታ የሕንፃውን ምስል ሬንደር ማድረግ ስትጀምር ማሽኑ እንደ ወፍጮ ያጓራል፤ በዚያው ክፍል የተኛው ታናሽ ወንድሟ ይገላበጣል። ሥራውም መጀመሪያ ላይ ፈጠን ብሎ ይሄድና ከአሥር ደቂቃ በኋላ መንቀራፈፍ ያመጣል። ለጥገና ሲወስዱት «ፕሮሰሰሩ አቅም የለውም፣ ከፍ ያለ ይግዙ» ሊባሉ ይችላሉ። ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ግን አየሩን ይጠርጥሩ።

ፕሮሰሰርም ሆነ ግራፊክስ ካርድ የሚወስደው ኤሌክትሪክ፣ በሙሉ ማለት ይቻላል፣ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሙቀቱ መውጫ ካጣ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። የቅርብ ዓመታት የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች አብዛኞቹ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ተከታታይ ደግሞ 95 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ይህን ያደርጋሉ። በታፈነ ኬዝ ውስጥ ለገባ ውድ ፕሮሰሰር የከፈሉበትን ፍጥነት ሙሉውን አያገኙትም።

ጥርጣሬውን ለማረጋገጥ ሳንቲም አያስፈልግም። ኤችደብሊውኢንፎ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ይጫኑና ከባዱ ሥራ ለሃያ ደቂቃ ሲሄድ ሙቀቱ ስንት እንደደረሰ ይመዝግቡ። ከዚያ የኬዙን የጎን ሽፋን ፈትተው ያንኑ ሥራ ይድገሙት። ሙቀቱ በብዙ ዲግሪ ከወረደ ኬዙ ታፍኗል፤ ፋን መግዛትዎ ተገቢ ነው። ለውጥ ከሌለ ግን ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው ብረት መካከል የተቀባው ተርማል ፔስት ደርቆ፣ ወይም ብረቱ በአቧራ ተደፍኖ ይሆናል። ያን ጊዜ አሥር ፋን ቢደረድሩም ለውጡ እምብዛም ነው።

ስስ አየር

አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋን ደግሞ የትም ቦታ የሚገፋው ያንኑ የአየር ይዘት ነው፤ ሙቀቱን የሚሸከመው ግን የአየሩ ክብደት ነው። 300 ዋት ሙቀት በሚያወጣ ማሽን ውስጥ በሰዓት 100 ሜትር ኩብ አየር ቢያልፍ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ አየሩ ገብቶ እስኪወጣ 9 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። አዲስ አበባ ላይ 12 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ቀዝቃዛው ሌሊታችን ጥቂቱን ይክሳል። ሆኖም ከባሕር ዳርቻ ከተማ በተቀረጸ የዩቲዩብ ግምገማ ላይ «ሁለት ፋን ይበቃል» ሲባል ሰምተው ከሆነ ሦስተኛ ይጨምሩበት።

ትልቅ ይሁን፣ ይዝገም

ሳጥኑ ላይ በጉልህ የሚጻፈው ፋኑ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ነው። እኔ የምመክርዎት ግን ትልቅ ሆኖ በዝግታ የሚሠራውን ነው። ምክንያቱ ይህ ነው፤ የፋን ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የሚገፋው አየርም በግማሽ ይቀንሳል፣ ድምፁ ግን 15 ዴሲብል ያህል ይወርዳል። ጆሯችን 10 ዴሲብል ሲቀነስለት ድምፁ በግማሽ የቀነሰ ያህል ይሰማዋል። እኩል ድምፅ ያላቸው ሁለት ፋኖች አብረው ሲሠሩ ደግሞ ከአንዱ የሚበልጡት በ3 ዴሲብል ብቻ ነው። ስለዚህ በግማሽ ፍጥነት የሚዞሩ ሁለት ፋኖች በሙሉ ፍጥነት ከሚዞር አንድ ፋን ጋር የሚመጣጠን አየር እየገፉ 12 ዴሲብል ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ ያሰማሉ። አጠገቡ ለተኛው ልጅ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ኬዝዎ ባለ 140 ሚሊ ሜትር ፋን የሚቀበል ከሆነ ከ120ው ይልቅ እሱን ይግዙ። የትኛውን እንደሚቀበል ካላወቁ ማስመሪያ ይበቃል፤ የብሎን ቀዳዳዎቹ ርቀት 105 ሚሊ ሜትር ከሆነ ለ120፣ 124.5 ከሆነ ለ140 የተሠራ ነው።

ሻጮች እምብዛም የማያነሱት ግፊትን ነው። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው የአየር መጠን የተለካው ፋኑ ፊት ምንም ሳይጋረድ ነው። እርስዎ ቤት ግን ከፊቱ የአቧራ ማጣሪያ፣ አንዳንዴም ራዲያተር ይጠብቀዋል። ስለዚህ «ስታቲክ ፕሬዠር» የሚለውን መስመር ፈልገው ያንብቡ፤ መለኪያው ሚሊ ሜትር ውኃ ነው። ከማጣሪያ ወይም ከራዲያተር ጋር ለሚገጠም ፋን ወደ 2 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ያለው ጥሩ ነው። ከኋላ አየር ለሚያስወጣው ያን ያህል አይጨነቁ።

የኦስትሪያው ኖክቱዋ በ2018 ያወጣው ኤንኤፍ-ኤ12ኤክስ25 በዚህ ሁሉ የሚመሰገን ነው። በደቂቃ እስከ 2,000 ጊዜ ይዞራል፤ ግፊቱ 2.34 ሚሊ ሜትር፣ ድምፁ በአምራቹ ልኬት 22.6 ዴሲብል ነው። በክንፉ ጫፍና በክፈፉ መካከል ያለው ክፍተት ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ መሆኑ አየር ወደኋላ እንዳይሾልክ ይረዳዋል። ቡኒና ክሬም ቀለሙን ያልወደደ ጥቁሩን ያገኛል፤ ዋጋው ግን ያስደነግጣል። አርክቲክ ፒ12 በደቂቃ እስከ 1,800 ጊዜ እየዞረ ወደ 2.2 ሚሊ ሜትር ግፊት ይሰጣል፤ የሚሸጠውም በኖክቱዋው ዋጋ ትንሽ ክፍልፋይ ነው። ለቤተሰብ ማሽን ከአንድ ኖክቱዋ ሦስት አርክቲክ ይሻላል ባይ ነኝ።

ኩሽኔታውንም ይጠይቁ። በርካሽ ፋኖች ላይ የሚገኘው ስሊቭ የሚባለው ዓይነት ዘይቱ ሲደርቅ መንቋቋት ይጀምራል፤ በተለይ ፋኑ በአግድም፣ ጣሪያው ላይ ከተገጠመ። ፍሉይድ ዳይናሚክ የሚባለው ጸጥተኛም ዕድሜ ያለውም ነው። የገመዱ ጫፍ ደግሞ ባለ አራት ቀዳዳ ይሁን፤ ማዘርቦርዱ ሙቀቱን እያየ ፍጥነቱን በደንብ ማስተካከል የሚችለው በእሱ ነው። ብዙ ፋን በአንድ መሰኪያ ላይ ከመሰካትዎ በፊት የማዘርቦርዱን መመሪያ ይመልከቱ፤ የአንዱ መሰኪያ አቅም በተለምዶ 1 አምፔር ነው።

ልጆቹ መብራት ያለው ፋን ይፈልጋሉ። ይኑራቸው፤ ግን መብራቱ አየር እንደማይገፋ አይርሱ። የመብራቱ ገመድ ከፋኑ ገመድ የተለየ ነው፤ 5 ቮልት የሚፈልገውን በስህተት 12 ቮልት ላይ ከሰኩት መብራቱ ይቃጠላል።

ዳንቴሉን ያንሱት

ግንባታ በማይቋረጥበት ከተማ ትልቁ ጠላት አቧራ ነው። ከመከላከያዎቹ አንዱ የፋኖቹ አሰላለፍ ነው፤ አየር የሚያስገቡት ከሚያስወጡት ይብለጡ። ለምሳሌ ፊት ለፊት ሁለት ወይም ሦስት፣ ከኋላ አንድ። ያን ጊዜ ኬዙ ውስጥ ያለው አየር ወደ ውጭ ስለሚገፋ አቧራው በየስንጥቁ ሾልኮ አይገባም፤ የሚገባው በማጣሪያው በኩል ብቻ ይሆናል። ማጣሪያውን በበጋ ወራት በየሁለት ሳምንቱ አጥበው፣ በደንብ አድርቀው ይመልሱት። ማጣሪያው ከተደፈነ ግን ምርጡ ፋንም ያፏጫል እንጂ አየር አያስገባም።

የቤታችን ልማድም ድርሻ አለው። ኮምፒውተሩን ሳሎን አስቀምጠን ዳንቴል እናለብሰዋለን፤ ዳንቴሉ የሚያርፈው ደግሞ በብዙ ኬዞች ላይ ሙቅ አየር በሚወጣበት ጣሪያ ላይ ነው። ቡፌ ውስጥ ከተዘጋበትማ የተፋውን ሙቀት መልሶ ይስበዋል። ከኋላው አንድ ስንዝር ክፍተት ይተዉለት፤ ከምንጣፍም ከፍ ያድርጉት። ቡና የሚፈላበት ጥግም ለእሱ አይሆንም። የዕጣን ጭስና የመጥበሻ ዘይት ከአቧራ ጋር ሲገናኙ በቀላሉ የማይለቅ ሙጫ ይሆናሉ።

ዘመድ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ከሆነ ፋን ለማስመጣት ይመቻል። ዕቃው ቀላል ነው፤ የ110 እና የ220 ቮልት ጣጣም የለበትም። የሚሠራው ከኮምፒውተሩ ፓወር ሰፕላይ በሚያገኘው 12 ቮልት ነውና። እዚህ ከገዙ ግን ሳጥኑ ላይ የሞዴል ቁጥር መኖሩን ይዩ፤ ከተቻለም ሱቁ ውስጥ አስነስተው ጆሮዎን ያስጠጉ።

ሲገጥሙ ማሽኑን ከሶኬት ይንቀሉ። ክንፎቹ በግልጽ የሚታዩበት የፋኑ ፊት አየር የሚስብበት ነው፤ መሐሉን የሚደግፉ ዘንጎች ያሉበት ወገን የሚተፋበት። ሁሉንም ገጥመው ሲያበሩ አንድ ብጣሽ ሶፍት ይያዙ። ከፊት ለፊት ማጣሪያው ላይ መለጠፍ አለበት፤ ከኋላ ደግሞ ወደ እርስዎ መርገብገብ። አንዱ ተቃራኒውን ካሳየ ያንን ፋን ፈትተው ያዙሩት።