ሕፃን ለመቀበል ስንሄድ በሻንጣችን ምን እንያዝ?



የቲም ሕፃን ተቀብለው ለማሳደግ የወሰኑ ቤተሰቦች የመሄጃቸው ቀን ሲቃረብ ደጋግመው የሚያቀርቡልን ጥያቄ አለ፤ «ምን ይዘን እንሂድ?» ይሉናል። ጥያቄው ስለ ጡጦና ስለ ብርድ ልብስ ብቻ የሚጠየቅ ይመስላል። እኛ ግን በዚህ ሥራ በቆየንባቸው ዓመታት እንዳየነው፣ በዚያን ቀን ሻንጣ ውስጥ የገባውና ሳይገባ የቀረው ነገር ልጁን እስከ ኒካሑ ቀን ድረስ ይከተለዋል።

ሕፃን ለመውሰድ ሻንጣ ማሰናዳት ለከተማችን አዲስ ነገር አይደለም። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወስደው መንገድ ይመላለስ የነበረ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ የውጭ አገር ሰዎች የእኛን አገር ሕፃናት አቅፈው ወደ አሜሪካ ኤምባሲ ሲገቡና ሲወጡ የሚታይበት ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 ወደ አሜሪካ ብቻ በየዓመቱ ከ2,000 የሚበልጡ ልጆች በጉዲፈቻ ሄደዋል፤ ወደ አውሮፓ የሄዱት ሳይቆጠሩ ማለት ነው። እነዚያ ሰዎች ከአገራቸው ሲነሡ ሻንጣቸውን በዱቄት ወተት፣ በዳይፐርና በመድኃኒት ሞልተው ይመጡ ነበር። ወረቀቱ እስኪያልቅ ድረስ ከሽሮ ሜዳ ልጁ ሲያድግ የሚለብሰውን የጥልፍ ልብስ ይገዛሉ፤ አቀበቱን ወጥተው እንጦጦ ማርያምንና ራጉኤልን ይጎበኛሉ፤ ከዚያ ሆነው ከተማይቱን ፎቶግራፍ ያነሣሉ። በዝግጅታቸው ልናማቸው አንችልም፤ ብዙዎቹም ልጅ ወዳድ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን ከአንዳንዶቹ ሻንጣ የልጁ እውነተኛ ታሪክ ጎድሎ ነበር። እናት በሕይወት እያለች ሞታለች ተብሎ የተጻፈበት፣ የትውልድ ስፍራ የተሳሳተበት ወረቀት ይዘው የሄዱ ልጆች መኖራቸው ኋላ ተገለጠ። መንግሥት በ2003 ዓ.ም. በቀን የሚታዩትን ጉዳዮች ወደ አምስት ዝቅ አደረገ፤ በጥር 2010 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ዜጎች ኢትዮጵያዊ ሕፃን በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ ከለከለ። ከሄዱት ልጆች አድገው እናታቸውን ሊፈልጉ የሚመለሱ አሉ፤ በእጃቸው ያለው ወረቀት ግን ወደ እናታቸው ደጅ የሚያደርስ ሆኖ አይገኝም።

ዛሬ ሻንጣውን የሚያሰናዳው እንግዲህ የአገር ቤት ቤተሰብ ነው። ያ ጉድለት የባዕዳን ብቻ እንዳይመስለን የራሳችንን እንናገር።

ከሃያ ዓመት በፊት በነሐሴ ወር፣ ከእንጦጦ ራጉኤል ዝቅ ብሎ ከባሕር ዛፉ ጥግ ወደሚገኝ አንድ የሕፃናት ማቆያ አንድ ባልና ሚስትን አጅበን ወጣን። ሻንጣውን ያሰናዳነው እኛ ነበርን። ጋቢ፣ ሁለት ጡጦ፣ በፔርሙዝ የፈላ ውሃ፣ ወተት፣ መቀየሪያ ልብስ ይዘናል፤ ምንም የጎደለ አልመሰለንም። ሕፃኗ የአራት ወር ልጅ ነበረች። ስታሳድጋት የቆየችው ሞግዚት ሕፃኗን ካስረከበችን በኋላ ስለ እናቲቱ አንድ ነገር ልታጫውተን ጀመረች። ሰማዩ ግን ጠቁሮ ነበር፤ ጭቃው ሳይበረታ እንውረድ ብለን ተቻኮልን፤ «ሌላ ቀን ተመልሰን እንሰማለን» አልናት። አልተመለስንም። በዓመቱ ስንጠይቅ ሞግዚቲቱ ሥራውን ትታ ወዴት እንደሄደች የሚያውቅ ጠፋ። አሳዳጊው ልጅቷ እንዳይከፋት ብለው በገዛ ስማቸው አስጠሯት። አድጋ ለኒካሕ ስትታጭ ወሊይዋ ማን እንደሆነ ተጠየቀ። እውነቱ ያን ዕለት ወጣ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይህ ልጅ ወንድሟ ወይም የአጎቷ ልጅ አለመሆኑን በምን እናውቃለን?» አሉ። የሚመልስ አልነበረም። ቃዲው ወሊይ ሆነውላት ኒካሑ ታሰረ። ልጅቷ ግን በዚያ ሳምንት ያለቀሰችውን እኛ አንረሳውም።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ለወረቀት የሚሆን ጠንካራ ማኅደርና አንድ ደብተር ያዙ። በደብተሩ የልጁ ስም ከአባትና ከአያት ስም ጋር፣ የእናት ስም፣ የትውልድ ስፍራ፣ ልጁን ያመጣው ማን እንደሆነና የመጣበት ቀን ይጻፋል። ተጥሎ የተገኘ ከሆነ የተገኘበት ስፍራ፣ ሰዓቱና ለብሶት የነበረው ልብስ ሳይቀር ይመዝገብ፤ ልብሱም ካለ ታጥቦ ይቀመጥ። አባቱ ላልታወቀ ልጅ እንደ ዐብደላህ ያለ ለሁሉ የሚሆን ስም በአባት ስፍራ እንዲጻፍ የሚመክሩ ዑለማዎች አሉ፤ የአሳዳጊው ስም ግን በዚያ ስፍራ አይገባም። በሱረቱል አሕዛብ 5ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ልጆች በአባቶቻቸው ስም እንዲጠሩ አዟል። ቀድሞ «ዘይድ ኢብኑ ሙሐመድ» ይባሉ የነበሩት ሰሐባ ወደ «ዘይድ ኢብኑ ሓሪሣ» የተመለሱት በዚሁ ነው፤ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፍቅር ግን አልቀነሰባቸውም። የዘይድን ሚስት ኡሙ አይመንንም እናስታውስ። እኒህ በረካ የተባሉ ሐበሻዊት፣ የነቢዩ እናት አሚና አብዋእ በተባለ ስፍራ በመንገድ ላይ ሲሞቱ፣ የስድስት ዓመቱን የቲም ይዘው መካ ድረስ በመጓዝ ለአያታቸው ለዐብዱል ሙጦሊብ አስረክበዋል። የቲም ይዞ መንገድ መሄድን ከእኛ አገር ሴት የበለጠ ማን ሊያስተምረን ይችላል?

ከመንግሥት ወረቀቶች አንጻር፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ጉዲፈቻ በፍርድ ቤት እንዲጸድቅ ያዛል፤ ልጁ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስር እንደማይቋረጥም ይደነግጋል። ነሰብን በመጠበቅ ረገድ ይህ ከሃይማኖታችን ጋር የሚቀራረብ ነው። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የአካለ መጠን ያላደረሱ ልጆችን የሞግዚትነት ጉዳይ የማየት ሥልጣን አላቸውና በከፋላ ለማሳደግ የሚፈልግ ቤተሰብ አስቀድሞ እዚያ ይጠይቅ። ከፋላ ውርስ እንደማያስገኝ የሚያሳስባቸው ካሉ፣ ከሀብታቸው እስከ ሲሶ ድረስ ለልጁ ወሲያ መተው ይችላሉ። የክትባት ካርዱን ዋናውን ተቀበሉ፤ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት እንዲሁም በ9ኛው ወር የሚሰጡት ክትባቶች የትኞቹ እንደተወሰዱ ከዚያ ካርድ በቀር የሚናገር የለም።

ቀጥሎ ያለው በሻንጣ አይያዝም፤ ከመንገዱ በፊት ግን ሊታሰብበት ይገባል። ልጁ ሁለት ዓመት ያልሞላው ከሆነ በጡት ዝምድና መሕረም ማድረግ ይቻላል። በሻፊዒይ መዝሀብ አምስት ጊዜ ጠግቦ መጥባት ያስፈልጋል፤ በሐነፊይ ጥቂቱም ይበቃል። አሳዳጊዋ ከባሏ የወለደችው ልጅ ኖሮ የምታጠባ ከሆነች ለሁለቱም ይበቃል፤ እርሷ የጡት እናት፣ ባሏ የጡት አባት ይሆናሉ። ወተት ከሌላት ለወንድ ሕፃን እህቷ ታጥባው፤ አሳዳጊዋ የጡት አክስቱ ትሆናለች። ለሴት ሕፃን ግን የሚስት እህት ብታጠባ ባልየው መሕረም አይሆንም፤ የባልየው እህት ወይም የወንድሙ ሚስት ማጥባት አለባት። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስህተቱም የሚታወቀው ልጅቷ ለአካለ መጠን ስትደርስ ነው። የምታጠባዋ ሴት አስቀድማ የጤና ምርመራ ታድርግ።

ወደ ጡጦው እንመለስ። ልጁ የለመደውን የወተት ዓይነት ሞግዚቷን ጠይቃችሁ ያንኑ ያዙ፤ በአንድ ቀን ቤትም ወተትም መቀየር ሆድ ያውካል። 3,000 ሜትር በሚደርሰው የእንጦጦ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ስፍራ ሁሉ፣ አዲስ አበባ መካከልም ቢሆን፣ ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ዱቄቱ የሚበጠበጠው ውሃው ከ70 ዲግሪ ሳይወርድ ነው፤ ከዚያ ቀዝቅዞ ይሰጠዋል፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ያላለቀው ይደፋ። ፔርሙዝ ያስፈለገው ለዚህ እንጂ ለአጃቢዎች ሻይ አይደለም።

ልብስ አታብዙ። አክስቶች የሚልኩት ለሦስት ሕፃን ይተርፋል። የራጉኤል ነፋስ በበጋም ስለሚቀዘቅዝ ኮፍያ፣ ካልሲና አንድ ጋቢ ይበቃል። ልጁ ሲተኛበት የነበረውን ጨርቅ ግን ለምናችሁም ቢሆን ውሰዱ፤ ሳይታጠብ ለጥቂት ሌሊት አጠገቡ ይሁን፤ የሚያውቀው ሽታ እርሱ ብቻ ነውና።

ደብተሩን ስትከፍቱ ከሞግዚቷ ጋር ተቀመጡ። በስንት ሰዓት እንደሚነቃ፣ ምን ሲሉት እንደሚስቅ፣ ስለ እናቱ የሰማችው ካለ በራሷ አነጋገር ጻፉ፤ ስልኳንም ተቀበሉ። ዝናቡ ቢመጣ ዣንጥላ ይዛችኋል።