ቲማቲምን በጠርሙስ አሽጎ ስለ ማቈየት

ከከሚሴ ከተማ ወጣ ብሎ የጨፋን ሜዳ በበጋ የተመለከተ ሰው፥ ሌላው ስፍራ ደርቆ ሳለ ይህ እንዴት ለመለመ ብሎ መደነቁ አይቀርም። የቦርከና ወንዝ ስለሚያጠጣው ቲማቲሙም ሽንኩርቱም ፓፓያውም ይበቅልበታል። ነገር ግን በአንድ ጊዜ የደረሰ በአንድ ጊዜ ይረክሳል። ገበሬው ሁሉ ቲማቲሙን በአንድ ሰሞን ለገበያ ሲያወጣ ዋጋው ይወድቃል፤ ያልተሸጠውም በጥቂት ቀን ውስጥ ይበሰብሳል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ያንኑ የጣልነውን ቲማቲም በውድ ዋጋ እንገዛለን። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ማለት ይህ ነው። ስለዚህ ትርፉን ቲማቲም በቤት ውስጥ አሽጎ ማቈየት እንደሚቻል፥ ሥራውም በዕውቀት ካልተያዘ አደጋ እንዳለበት ለወላጆች፥ ለመምህራንና ለጓደኞቼ ለመግለጽ ይህን ጽፌአለሁ።

ምግብን ማቈየት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። እናቶቻችን በርበሬውን በፀሐይ አስጥተው፥ ሥጋውን ቋንጣ አድርገው ያቈያሉ። ምግብን የሚያበላሹት በዐይን የማይታዩ ነፍሳት ያለ ውሃ ሊራቡ አይችሉምና፥ ማድረቅ ማለት ውሃውን መንሣት ነው። በጠርሙስ ማሸግ ግን ሌላ መንገድ ነው፤ እነዚያን ነፍሳት በሙቀት ከገደልን በኋላ ሌሎች እንዳይገቡ በሩን እንዘጋለን።

ይህን ዘዴ የደረሰበት ኒኮላ አፔር የተባለ ፈረንሳዊ ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1810 ዓ.ም. ከመንግሥቱ 12 ሺህ ፍራንክ ተሸልሞ አሠራሩን በመጽሐፍ አሳተመ። የሚያስገርመው፥ አፔር ምግቡ የማይበላሽበትን ትክክለኛ ምክንያት ሳያውቅ መሥራቱ ነው። ምክንያቱን ሉዊ ፓስተር የገለጸው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። በአገራችንም የቦርከና ውሃ በሚገባበት በአዋሽ ወንዝ ዳር፥ የመርቲ ፋብሪካ የቲማቲም ድልህ በቆርቆሮ በማሸግ ታውቋል።

እኔ ሥራውን የጀመርኩት 10ኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ጓደኞቼ «ወንድ ልጅ ማጀት ምን ያገባዋል?» እያሉ ሳቁብኝ። እኔ ግን ከእናቴ ጓሮ ቲማቲምና ፎሶሊያ ለቅሜ ጥቂት ደቂቃ ካፈላሁ በኋላ በማርማላታ ጠርሙስ ሞልቼ ከደንኩት። ዋናው ነገር ክዳኑን አጥብቆ መዝጋት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ የፎሶሊያው ክዳን ወደ ላይ አብጦ ተገኘ። ስከፍተው አረፋው ፈንጥቆ ወጣ። ታናሽ እኅቴ ልትቀምስ ጣቷን ስትሰድ እናቴ እጇን ያዘቻትና፥ «ልጄ፥ አንተ ያልገባህን ነገር ሕፃን አታብላ» አለችኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

በማግሥቱ ለባዮሎጂ መምህራችን ነገርኳቸው። እሳቸውም እንደ አስረዱኝ፥ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣውን መርዝ የሚያመነጨው ባክቴሪያ ዘሩ በፈላ ውሃ አይሞትም፤ አየር በሌለበት ስፍራም ይራባል። የታሸገ ጠርሙስ እንግዲህ ለእርሱ የተመቸ ቤት ነው። ይባስ ብሎ ክዳኑ ሳያብጥ፥ ሽታውም ሳይለወጥ መርዙ ሊኖር ይችላል። የሚያግደው ኮምጣጣነት ነው። የኮምጣጣነት መለኪያ በሆነው ፒኤች ከ4.6 በላይ የሆነ ምግብ ሁሉ ያሠጋል። ፎሶሊያ ከዚህ በላይ ነው፤ ፓፓያም ፍሬ ነው ተብሎ አይታመንም። እንዲህ ያለውን ለማሸግ ሙቀቱን በግፊት እስከ 121 ዲግሪ የሚያደርስ ልዩ ድስት ያስፈልጋል። ቲማቲም ግን በድንበሩ ላይ ያለ ስለሆነ፥ ሎሚ ሲጨመርበት በፈላ ውሃ ሊታሸግ ይችላል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። የበሰለና ያልተነካ ቲማቲም አጥቦ ለአንድ ደቂቃ በፈላ ውሃ፥ ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ ነክሮ መላጥ፤ ከዚያም ጨፍልቆ አምስት ደቂቃ ማፍላት። ንጹሕና ትኩስ በሆነ ግማሽ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ አንድ ሙሉ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ መጨመር። የሎሚ ኮምጣጣነት ከፍሬ ፍሬ ስለሚለያይ፥ በፋብሪካ የታሸገው ጭማቂ ይመረጣል። ቲማቲሙን ከአፉ አንድ ጣት ያህል አጉድሎ መሙላት፤ አፉን ጠርጎ በአዲስ ክዳን መግጠም። ቀጥሎ ጠርሙሶቹን ከሥራቸው ጨርቅ በተነጠፈበት ትልቅ ድስት ውስጥ አስቀምጦ፥ ውሃው ከክዳናቸው በላይ እስኪሆን ሞልቶ መቀቀል።

የመቀቀያው ጊዜ እንደ አገሩ ከፍታ ይለያያል። በባሕር ወለል 35 ደቂቃ ይበቃል። ከሚሴ ግን ከ1,400 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ በ95 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ 45 ደቂቃ ያስፈልጋል። ለደሴ ሰው 50 ደቂቃ ነው። ጠርሙሱ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው እንፋሎት ወደ ውሃ ይለወጣል፤ የውጭውም አየር ክዳኑን ወደ ውስጥ ይጫነዋል። በማግሥቱ ክዳኑ ያልሰረጐደ ጠርሙስ አልታሸገምና ቶሎ ይበላ። ቈይቶ ያበጠ ወይም ያፈሰሰ ግን ሳይቀመስ ይጣል።

በተከታዩ ዓመት ከእናቴ ጋር 12 ጠርሙስ አሸግን፤ በእያንዳንዱም ላይ ቀኑን ጻፍንበት። በነሐሴ ቲማቲም በተወደደ ጊዜ አንድ በአንድ ከፈትናቸው። አንዷን ብቻ እናቴ ለረመዳን ሾርባ አስቀረቻት። ፎሶሊያውን ግን ዛሬም በእሸቱ እንበላዋለን እንጂ አናሽገውም።

እንግዲህ ወገኖቼ፥ ምድራችን የሰጠችንን ከመጣል እናድነው፤ ነገር ግን የእናቴን ምክር አንርሳ። ለምን እንደሚሠራ ሳናውቅ የዘጋነውን ጠርሙስ ለማንም አናቅርብ።