በኮምፒዩተር አማርኛ መጻፍን ስለ ማስተማር

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የኮምፒዩተር ትምህርት ሲሰጥ፣ የመጻፍ ልምምዱ ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ብቻ ተጀምሮ በእንግሊዝኛ ያልቃል። ተማሪው ግን ሥራ ሲይዝ ደብዳቤውም፣ ቃለ ጉባኤውም፣ ማመልከቻውም በአማርኛ የሚጠበቅበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚያን ጊዜ በሁለት ጣት ፊደል ሲለቅም ይውላል። አማርኛው ከእንግሊዝኛው ጎን ለጎን ቢሰጥ ይህ ሊቀር ይችላል እንላለን።

እንደሚታወቀው 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ፣ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ፣ 231 ይሆናሉ። ይህን ሁሉ በጽሕፈት መኪና ቁልፎች ላይ ማስፈር አይቻልም ነበር። ስለዚህ መሐንዲስ አያና ብሩን የመሳሰሉ ሰዎች የደከሙበት የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ፊደሉን ከቅጥያው ለይቶ ይመታ ነበር፤ ቅርጹም እምብዛም አያምርም። በኮምፒዩተር ይህ ችግር የለም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ፣ በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈው ፈተና በሌላው ይነበባል። (ከዚያ በፊት በነበሩት ፕሮግራሞች የተጻፈ ፋይል ከፍቶ ትርጉም የለሽ ምልክት የሚያይ መምህር ግን ዛሬም አይጠፋም።)

እንግዲህ የቀረው የጣት ነገር ነው። በድምፅ በሚሠሩት በብዙዎቹ የአማርኛ ፕሮግራሞች ተነባቢው ብቻውን ሲመታ ሳድስ ይሆናል፤ አናባቢ ሲከተለው ይለወጣል። ግራ እጅ ኤ፣ ኤስ፣ ዲ፣ ኤፍ ላይ፣ ቀኝ እጅ ጄ፣ ኬ፣ ኤልና ቀጥሎ ባለው ቁልፍ ላይ ካረፉ፣ እያንዳንዱ የድምፅ ደረጃ የራሱ ጣት ይኖረዋል። ግዕዝ በኢ ቁልፍ የግራ መሐል ጣት ድርሻ ነው፤ ካዕብ በዩ የቀኝ አመልካች ጣት፤ ሣልስ በአይ የቀኝ መሐል ጣት፤ ሳብዕ በኦ የቀኝ ቀለበት ጣት። ራብዕ የሚወድቀው በግራ ትንሿ ጣት ላይ ነው። ራብዕ በአማርኛ እጅግ የሚበዛ በመሆኑ፣ ደካማዋ ጣት ከሁሉ በፊት መለማመድ ይገባታል። በእንግሊዝኛ ብቻ የሠለጠነ ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። «ሰላም» በአምስት ምት፣ «ተማሪ» በስድስት ምት ይጻፋሉ፤ ለመጀመሪያ ልምምድ ሁለቱ ይበቃሉ።

ኮምፒዩተር ለጎደለበት ወይም መብራት ለሚጠፋበት ትምህርት ቤት፣ ተማሪዎች የቁልፉን ገበታ በትክክለኛው መጠን በካርቶን ላይ ይሣሉ። መምህሩ ቃል ሲጠራ እነርሱ ሳያዩ ይመታሉ። ካርቶን ስሕተትን አያሳይም፤ ስለዚህ ተራቸው ደርሶ ከማሽኑ ሲቀመጡ ሰዓቱ ለእርማት ብቻ ይዋል።

ኃምስና እንደ ሠ፣ ሐ፣ ፀ ያሉት ሞክሼ ፊደላት ከፕሮግራም ፕሮግራም ቁልፋቸው ይለያያል። በመሆኑም መምህራን በዓመቱ መጀመሪያ አንድ ፕሮግራም መርጠው፣ በሁሉም ክፍል በዚያው ቢቆዩ ይበጃል።