መኪናው በመብራት፣ ሲሚንቶው በከሰል

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) በኤሌክትሪክ የማይሠራ አውቶሞቢል ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገባ ሲናገሩ፣ ዜናውን ባሕር ማዶ ብዙዎች እንደ አየር ንብረት ገድል ተቀበሉት። የተሰጠው ምክንያት ግን ሌላ ነበር፤ ነዳጅ መግዣ ዶላር አጥሯል። ማደያ ደጃፍ ተሰልፎ ለሚያድር ባለ ባጃጅ ይህ አዲስ ወሬ አይደለም።

ኢትዮጵያ በ2004 ዓ.ም. ደርባን ላይ ይፋ ያደረገችው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ፣ የአገሪቱን ዓመታዊ የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ ብሎ ገምቶት ነበር። ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚመጣው ከእርሻ፣ ከከብትና ከደን ነው። ትራንስፖርት 3 በመቶ፣ ኢንዱስትሪም 3 በመቶ። ጭንቀቱ ልቀት ብቻ የሆነ ሰው ከማገዶና ከከብት ይጀምራል እንጂ ከመኪና አይጀምርም።

ጭንቀቱ ዶላር ለሆነ ግን መኪናው ይቀድማል። ቤንዚኑ በጅቡቲ በኩል በውጭ ምንዛሪ ይገባል፤ መብራቱ ከሞላ ጎደል ከራስ ወንዝ የሚመነጭ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከእገዳው በፊት የወጣው የቀረጥ ማበረታቻም በዚሁ መንፈስ የተቀመረ ነው፤ ተገጣጥሞ ያለቀ የኤሌክትሪክ መኪና 15 በመቶ፣ በከፊል የተገጣጠመ 5 በመቶ፣ ተበታትኖ መጥቶ እዚህ የሚገጣጠም ዜሮ። መኪናው ይግባ፣ ሥራው ግን እዚህ ይቅር ማለት ነው።

ይኸው የዶላር ስሌት ሲሚንቶ ፋብሪካ በር ላይ ሲደርስ ፊቱን ያዞራል። ምድጃው ከ1,400 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል፤ ለዚያ ሲባል የድንጋይ ከሰል በውጭ ምንዛሪ ሲገዛ ኖሯል። መንግሥት መላ ያለው ከሰሉን ከአገር ውስጥ ማውጣት ነው፤ ዳውሮን በመሰሉ አካባቢዎች የከሰል ማጠቢያ ፋብሪካዎች የተተከሉት ለዚህ ነው። ዶላሩ ይድናል፤ ጭሱ አይቀንስም። መኪናውን ወደ መብራት የገፋው እጅ ሲሚንቶውን ወደ ከሰል ይገፋል፤ ሁለቱም ገቢ ምርትን በአገር ውስጥ መተካት ይባላሉ።

በእርግጥ ከሰሉ ቢቀርም ሲሚንቶ ንጹሕ አይሆንም። የኖራ ድንጋይ ሲጋገር ከራሱ ከድንጋዩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ከሲሚንቶ ልቀት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከዚህ ነው። ይህን ግድብ አያስቀረውም። የሚቻለው ከምድጃው የሚወጣውን የሲሚንቶ ዋና ግብዓት፣ ክሊንከርን፣ ቀንሶ ሌላ ነገር መቀላቀል ነው፤ ስምጥ ሸለቆ ደግሞ ለዚያ የሚሆን ፑሚስ የተባለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሞልቶታል።

የኢንዱስትሪው ድርሻ 3 በመቶ የተባለው ፋብሪካው ጥቂት በነበረበት ጊዜ ነው። ኢትዮጵያ የተጣራ ልቀቷን ዜሮ ለማድረስ የቆረጠችው ቀን እ.ኤ.አ. 2050 ሲሆን፣ ዛሬ የሚለኮስ የሲሚንቶ ምድጃ ያን ጊዜም ሳይጠፋ ሊቆይ ይችላል።