ፕሮቲን የማይመረትባቸው አርኤንኤዎች በሶሪያሲስ ሕመም ያላቸው ሚና

ሶሪያሲስ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ፣ ነገር ግን ዕድሜ ልክ ሊዘልቅ የሚችል የቆዳ ብግነት ነው። የጤናማ ቆዳ የላይኛው ሽፋን ለመታደስ አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል፤ በሶሪያሲስ ግን ይህ ጊዜ ወደ ጥቂት ቀናት ያጥራል። በዚህም ቆዳው ይወፍራል፣ ይቆጣል፣ ቅርፊትም ያወጣል። ያሉት መድኃኒቶች ምልክቱን ቢያስታግሡም ሲቋረጡ ሕመሙ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ብግነቱን የሚያባብሰውንና የሚገታውን የኅዋስ መቆጣጠሪያ ለማወቅ ይጥራሉ።

ከሰው ጂኖም ውስጥ የፕሮቲን መመሪያ የሚይዘው 2 በመቶ ገደማው ብቻ ነው። ከቀሪው ብዙው ክፍል ወደ አርኤንኤ ቢገለበጥም ፕሮቲን አይመረትበትም። ከእነዚህ አርኤንኤዎች መካከል 22 ኑክሊዮታይድ ገደማ ርዝመት ያላቸው ማይክሮ አርኤንኤዎች ይገኙበታል። እነዚህ ከመልእክተኛ አርኤንኤ ጋር በመጣመር የፕሮቲን ምርትን ይቀንሳሉ። ቪክቶር አምብሮስና ጋሪ ራቭከን ይህን አሠራር በመግለጣቸው የ2024 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

በሶሪያሲስ የእነዚህ አርኤንኤዎች ሚና በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች ይታያል። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሚአር-203 በታመመ ቆዳ ላይ እንደሚበዛና ሶክስ-3 የተባለውን የብግነት ገቺ ፕሮቲን እንደሚቀንስ አመልክቷል። ሚአር-21ም እንዲሁ ይበዛል፤ ቲምፕ-3 የተባለውን ፕሮቲን በማሳነስም ቲኤንኤፍ-አልፋ የተባለው የብግነት መልእክተኛ በብዛት እንዲለቀቅ ያደርጋል። በአንጻሩ ሚአር-146ኤ የብግነት ምልክት አስተላላፊዎችን ይገታል፤ ይህ አርኤንኤ በሌላቸው አይጦች ላይ ሶሪያሲስ መሰል ብግነት ይበረታል። ስለሆነም የአንድ አርኤንኤ መብዛት ብቻውን የሕመሙ መንሥኤ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ሰውነት ብግነቱን ለመግታት የሚያደርገው ጥረት ሊሆንም ይችላል።

ይህ ልዩነት ለሕክምና ወሳኝ ነው። የሕሙማን ቆዳ በተተከለባቸው አይጦች ላይ ሚአር-21ን ማገድ የሕመሙን ገጽታ አሻሽሏል። ይሁን እንጂ አንድ ማይክሮ አርኤንኤ በብዙ ጂኖች ላይ ይሠራል። ለምሳሌ ሚአር-203 ጤናማ የቆዳ ኅዋሶች መባዛት አቁመው እንዲበስሉ ስለሚረዳ፣ ያለ ልዩነት ማገዱ ሌላ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። የቆዳው ውጫዊ ሽፋንም እነዚህን ሞለኪውሎች በቀላሉ አያሳልፍም። በመሆኑም የሕክምናው ተስፋ የሚመሠረተው ትክክለኛውን አርኤንኤ በመምረጥና ወደ ታመመው ኅዋስ ብቻ በማድረስ ላይ ነው።