የየአገሩን የሐይቅ ስፋት በሳተላይት ስለ ማመዛዘን

የአገር ሀብት የሚታወቀው ሲቈጠርና ሲለካ ነው። እርሻው በሄክታር፣ እህሉ በኵንታል ሲቈጠር፣ በየአገሩ የተኛው ውኃ ግን ብዙ ዘመን በግምት ሲነገር ኖሯል። ዛሬ ሳተላይት የሚባለው መሣሪያ ከሰማይ ሆኖ ምድርን ስለሚያነሣ፣ ውኃውም በቍጥር ሊታወቅ ተችሏል። ነገር ግን የአለካኩን ደንብ ሳይመረምር ቍጥሩን ብቻ የተቀበለ ሹም፣ ከግምት ወደ ባሰ ስሕተት ይወድቃል።

ለዚህ አርባ ምንጭ በቂ ምሳሌ ነው። ከሲቀላ በላይ በሴቻ አፋፍ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው ሁለት ሐይቆች ያያል፤ በሰሜን አባያን፣ በደቡብ ጫሞን፤ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የሚባለውን ከፍታ። የአባያ ስፋት ከ1,100 ኪሎ ሜትር ካሬ ይበልጣል። ጫሞ በቀድሞ መጻሕፍት 551 ተብሎ ሲጻፍ፣ በኋላ የተደረጉ ልኬቶች ግን 320 ያህል ያደርጉታል። ይህን ያየ ሰው ልዩነቱ ሁሉ በድርቅ የመጣ ነው ብሎ ፈጥኖ መፍረድ አይገባውም፤ አለካኩም ተለውጧልና።

የሳተላይቱ ሥራ እንዲህ ነው። ውኃ ዓይን የማያየውን ታሕተ ቀይ ብርሃን ስለሚውጥ በሥዕሉ ላይ ጠቍሮ ይወጣል፤ ቅጠል ግን ያንኑ ብርሃን ስለሚመልስ ደምቆ ይታያል። በ2007 ዓ.ም. የመጠቀው የመጀመሪያው ሴንቲኔል 2 ምድሪቱን ወርዳቸው 10 ሜትር በሆነ አደባባዮች ይከፍላታል። በቀድሞው ልክ 40 ሄክታር ያህል የነበረው አንድ ጋሻ መሬት በዚህ አቈጣጠር 4,000 አደባባይ ይሆናል። ጥቍሮቹ ሲደመሩ የውኃው ስፋት ይገኛል።

እንግዲህ መጠንቀቅ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በፈረንጅ አቈጣጠር ለ2020 እና ለ2021 የተሠራው ዎርልድ ከቨር የተባለው ካርታ፣ ዘላቂ ውኃ ብሎ የሚቈጥረው በዓመት ከ9 ወር በላይ የሚቆየውን ነው። ስለዚህ ይህን ካርታ በክረምት ብቻ ከተነሣ ሥዕል ጋራ ማመዛዘን አይቻልም። እንደዚሁም በ2004 ዓ.ም. ገደማ በጣና የታየው እምቦጭ የሸፈነው ውኃ፣ ከላይ ሲታይ አረንጓዴ መስክ ይመስላል። ቢላቴ፣ ጊዳቦና ገላና በሚያወርዱት አፈር የቀላው የአባያ ውኃም እንደ ጠራ ውኃ አይጠቍርም፤ በዳርቻው ላይ ከራቍት መሬት ጋራ ሊምታታ ይችላል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን በድንበር የሚመጣው ስሕተት ነው። ከቀድሞው የደቡብ ክልል በ2012 ዓ.ም. ሲዳማ፣ በ2014 ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወጡ፤ የቀረውም በ2015 ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ተከፈለ። የ2011ን የደቡብ ክልል ቍጥር ከዛሬው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ቍጥር ጋራ ያመዛዘነ ሰው፣ ብዙ ውኃ የጠፋ ይመስለዋል። ነገር ግን ለምሳሌ ሐዋሳ ሐይቅ አልደረቀም፤ ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ። አባያም በምሥራቅ ዳርቻው ኦሮሚያን ስለሚነካ፣ ሁለቱ ክልሎች ሙሉውን ቢመዘግቡት አንድ ሐይቅ ሁለት ጊዜ ይቈጠራል።

ስፋት ብቻውንም የሕዝቡን ድርሻ አይነግርም። በአማራ ክልል ያለው ጣና 3,000 ኪሎ ሜትር ካሬ ያህል ስለ ሆነ፣ የአባያንና የጫሞን ድምር እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ግን የጋሞ አገር በውኃ ድኻ ነው ማለት አይደለም። የሐሬ ወንዝ የሙዝ እርሻ ያጠጣል፤ ለከተማው ስም የሆኑት ምንጮችም ከዛፍ ጥላ ሥር ስለሚፈልቁ ለሳተላይቱ አይታዩም፤ ሕዝቡ ግን የሚጠጣው ከእነርሱ ነው። በተቃራኒውም በመተሐራ አጠገብ ያለው በሰቃ ሐይቅ እየሰፋ ሲሄድ ለአገሩ በረከት አልሆነም፤ ግጦሽ ዋጠ፣ መንገድም አስጨነቀ እንጂ።

ከዚህም በላይ ሳተላይቱ የሚለካው ፊቱን እንጂ ጥልቀቱን አይደለም። ከደጋው የሚወርደው አፈር በሐይቁ ወለል ላይ ሲከማች፣ የውኃው ስፋት ሳይለወጥ መጠኑ ይቀንሳል። በመዝገብ ላይ ሙሉ የሆነ ሐይቅ ለዓሣ አጥማጁ ጐድሎ ሊገኝ ይችላል።

ስለዚህ ማንኛውም ሹም ለበጀት፣ ለመስኖ ወይም ለዓሣ ሥራ የውኃ ስፋት ቍጥር ሲቀርብለት፣ የስንት ዓመት፣ የየትኛው ወር፣ በየትኛው ድንበርና በምን ያህል አደባባይ የተለካ እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ። አራቱ በሁለቱም ወገን አንድ ካልሆኑ ቍጥሮቹን ጐን ለጐን አያስቀምጥ። አንድ ሲሆኑ ግን የዳርቻውን እርሻ ከሐይቁ የሚያርቅና የደጋውን አፈር በእርከን የሚያስጠብቅ ሥራ የት እንደሚያስፈልግ ይህ ልኬት ያሳየዋል።